የልጄን ጭንቅላት በማሽን ላስመርምረው?

ጥያቄው የመጣው ከአዲስ አበባ፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው። አሳጥሬ ላስፍረው፦

«ወንድ ልጄ 6 ዓመት ከ8 ወሩ ነው። 2ኛ ክፍል ነው። ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ በየሳምንቱ ‹ከወንበሩ ይነሳል፣ ጓደኞቹን ያስቸግራል፣ የክፍል ሥራ አይጨርስም› ተብሎ ይጻፍልኛል። ባለፈው የክፍል ኃላፊዋ ‹ኤዲኤችዲ ሳይኖርበት አይቀርም፤ አስመርምሩትና ወረቀት አምጡ› አለችኝ። ሰው ጠቁሞኝ የሄድኩበት አንድ ማዕከል ደግሞ የአንጎሉ ሞገድ በማሽን ተነስቶ እርግጡ በአንድ ቀን ይታወቃል አለኝ። የጠየቁኝ ብር የሁለት ወር የቤት ኪራያችን ነው። ባለቤቴ ‹ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል› ይላል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ላስመርምረው ወይስ ይቅር? በደም የሚታወቅበት መንገድስ የለም?»

እህቴ፣ ዋናውን አስቀድሜ ልመልስልዎ። ብርዎን ይያዙ። ኤዲኤችዲን፣ ማለትም ትኩረት የማጣትና ከልክ ያለፈ የቅብጥብጥነት ችግርን፣ በእርግጠኝነት የሚለይ የደም ምርመራ የለም። የአንጎል ሞገድ ምርመራም ሆነ የአንጎልን ምስል የሚያነሳው ኤምአርአይ አይለየውም። የዘረመል ምርመራም እንደዚያው። ይህ እኛ አገር ስላልገባ አይደለም። አሜሪካም አውሮፓም የለም። በአንድ ቀን በማሽን እናውቃለን ያሉዎት ሰዎች ሳይንሱ ገና ያልደረሰበትን ነገር ነው ሊሸጡልዎ የፈለጉት።

ማሽን የለውም ማለት ግን ችግሩ የለም ማለት አይደለም። ይህቺን ለባለቤትዎም ያንብቡላቸው። ማይግሬን በደም ምርመራ አይታይም፤ ሕመሙ ግን እውነት ነው። ኤዲኤችዲም በዓለም ዙሪያ የተሠሩ ጥናቶች ሲደመሩ ከ100 ልጆች 5 ገደማ ላይ የሚታይ እውነተኛ ችግር ነው። ብዙዎቹ ላይ አድገውም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ስለዚህ የእርስዎም ጭንቀት ተገቢ ነው።

በምርመራ የሚታይ ምልክት ፍለጋው ብዙ ዘመን አስቆጥሯል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ቻርልስ ብራድሊ የሚባል ሐኪም በ1930ዎቹ በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ጠባያቸው ያስቸገረ ልጆች የሚታከሙበትን ሆስፒታል ይመራ ነበር። አንጎላቸው ላይ ጉዳት ካለ በራጅ ለማየት ሲባል ከአከርካሪያቸው ፈሳሽ ተቀድቶ በምትኩ አየር ይገባ ነበር። የዘመኑ ምርመራ እንዲህ ነበር። ልጆቹን ከዚያ በኋላ ራሳቸውን ክፉኛ ያማቸዋል። ብራድሊ ለራስ ምታቱ ብሎ ቤንዘድሪን የተባለ አነቃቂ መድኃኒት ሰጣቸው። ራስ ምታቱ አልለቀቃቸውም። ነገር ግን ከ30ዎቹ ልጆች 14ቱ ክፍል ውስጥ በሚያስገርም ሁኔታ ተረጋግተው መማር ጀመሩ። ይህን በ1937 ጽፎ አወጣው። ዛሬ ለኤዲኤችዲ የሚሰጡት አነቃቂ መድኃኒቶች ታሪካቸው የሚጀምረው ከዚህ ነው። የሚፈለገው የአንጎል ምልክት ሳይገኝ መድኃኒቱ ተገኘ።

በዓመቱ፣ በ1938፣ ይኸው ብራድሊ ኸርበርት ጃስፐር ከተባለ የአንጎል ሞገድ ተመራማሪ ጋር ሆኖ የእንደነዚህ ያሉ ልጆችን ሞገድ መዝግቦ አሳተመ። እርስዎ ዘንድ የደረሰው የማሽን ምርመራ ዘሩ ከዚያ ይመዘዛል።

አሠራሩን ልንገርዎ። የራስ ቆዳ ላይ ገመድ ያላቸው ትናንሽ መቀበያዎች ይለጠፋሉ። አያምም፣ ጨረርም የለውም። ማሽኑ አንጎል የሚያወጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይጽፋል። ቴታ የሚባለው ሞገድ ዘገምተኛ ነው፤ በሰከንድ ከ4 እስከ 7 ጊዜ ይመታል። ቤታ የሚባለው ፈጣን ነው፤ ከ13 ጊዜ በላይ ይመታል። ኤዲኤችዲ ያለባቸው ልጆች ቴታው ይበዛባቸዋል፣ ቤታው ያንሳቸዋል ተባለ። ቴታውን ለቤታው አካፍሎ አንድ ቁጥር ማውጣት ነው እንግዲህ። በ1999 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህ ቁጥር ችግሩ ካለባቸው 100 ሰዎች 86ቱን ይይዛል፣ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ 98ቱን በትክክል ነፃ ያወጣል አለ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ተስፋ ቢያደርግ አይፈረድበትም።

በ2013 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በዚህ ስሌት የሚሠራ አንድ መሣሪያ ገበያ ላይ እንዲውል ፈቀደ። ፈቃዱ ከ6 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ነበር፤ ያውም ከሙሉ የሐኪም ምርመራ ጎን እንደ አጋዥ። ማሽኑ ብቻውን ይወስናል አልተባለም። ማስታወቂያ ላይ ግን ይህ ቅድመ ሁኔታ ይዘለላል።

በዚያው ዓመት የቀደሙትን ጥናቶች አንድ ላይ የመዘነ ሥራ ወጣ። ከአዘጋጆቹ አንዱ ኪት ኮነርስ ነበሩ፤ እኛ ሐኪሞች በየዕለቱ የምንጠቀምበትን የወላጅና የአስተማሪ መጠይቅ ያዘጋጁት ሰው። ያገኙት ነገር ይህ ነው። ኤዲኤችዲ ባለባቸውና በሌለባቸው ልጆች መካከል ያለው የዚህ ቁጥር ልዩነት ከዓመት ዓመት እየጠበበ ሄዷል። በኋላ በተሠሩት ጥናቶች ውስጥ ኤዲኤችዲ የሌለባቸው ልጆችም ቁጥራቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ለምርመራ የሚታመን መለኪያ አይደለም ብለው ደመደሙ። በ2016 የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚም ከምርምር ውጭ ይህ ቁጥር የሐኪምን ምርመራ እንዲተካም፣ እንዲያረጋግጥም መዋል የለበትም ሲል አሳሰበ።

እዚህ ላይ የእኛን ሰፈር ልጆች የሚነካ ነገር አለ። የቴታ ሞገድ ሰው እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለውም ይጨምራል። ልጅዎ የትምህርት ቤት ሰርቪስ የሚይዘው ስንት ሰዓት ነው? ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ ጨለማው ሳይገፍ የሚወጡ ብዙ ሕፃናት አሉ። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል የተቀሰቀሰ፣ ሰርቪስ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ያንቀላፋ፣ ማታ ደግሞ መንገድ ተዘጋግቶ መሽቶ የገባ ልጅ ማሽኑ ሥር ቢቀመጥ ቴታው ቢበዛ ምን ይገርማል? ማሽኑ «ይሄ እንቅልፍ ማነስ ነው፣ ያኛው ኤዲኤችዲ ነው» ብሎ ለይቶ አይነግርዎትም።

አሁን አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። የዓለም ባዮሎጂካል ሳይካትሪ ማኅበራት ፌዴሬሽንና የዓለም ኤዲኤችዲ ፌዴሬሽን በ2012 ባወጡት የጋራ ሪፖርት አንድ ምልክት ለምርመራ ብቁ የሚባለው ችግሩ ካለባቸው ከ80 በመቶ በላይ ሲይዝ፣ ከሌለባቸውም ከ80 በመቶ በላይ በትክክል ሲለይ ነው ብለው እስከዚያ የታወቁትን ምልክቶች ሁሉ መዘኑ። ብቻውን ለምርመራ የሚበቃ አላገኙም። እንበልና 80 በ80 የሚሠራ ማሽን ነገ ቱሉ ዲምቱ ገባ። የሰፈሩ 1000 ልጆች ተመረመሩበት። ከ1000ው 50ዎቹ ኤዲኤችዲ አለባቸው። ማሽኑ ከነሱ 40ዎቹን ይይዛል። ከቀሩት 950 ልጆች ደግሞ 20 በመቶውን፣ ማለትም 190 ልጆችን፣ ሳይኖርባቸው «አለባችሁ» ይላቸዋል። በድምሩ 230 ልጆች ወረቀት ይዘው ይወጣሉ። እውነት ያለባቸው 40 ናቸው። ከስድስት ልጅ አንዱ ገደማ ማለት ነው። ማሽኑ ግን መስፈርቱን አሟልቷል።

ትምህርት ቤት መርጦ የሚልካቸው ልጆች ላይ ብቻ ሲሠራ ውጤቱ ይሻላል፤ ይህ እውነት ነው። ያኔ ግን ሌላ ችግር ይመጣል። አብዛኛው ጥናት ኤዲኤችዲ ያለበትን ልጅ የሚያነጻጽረው ምንም ከሌለበት ልጅ ጋር ነው። ክሊኒክ የሚመጣው ልጅ ግን ምንም የሌለበት አይደለም። ጆሮው በደንብ የማይሰማ አለ፣ ቤት ውስጥ ፀብ ያስጨነቀው አለ፣ ማንበብ ያቃተው አለ። እኔ የምፈልገው ከእነዚህ የሚለይልኝን ነው። ያን የሚያደርግ ማሽን አልተሠራም።

ኤምአርአይስ? ልዩነት ተገኝቷል። በ2007 በአሜሪካ የተሠራ ጥናት የአንጎል ቅርፊት ከፍተኛ ውፍረቱ ላይ የሚደርሰው በሌሎች ልጆች በአማካይ በ7 ዓመት ተኩል፣ ኤዲኤችዲ ባለባቸው ደግሞ በ10 ዓመት ተኩል መሆኑን አሳየ። መዘግየት እንጂ ጉድለት አይመስልም፤ ለወላጅ ደስ የሚል ግኝት ነው። በ2017 ደግሞ ከብዙ አገሮች 1713 ኤዲኤችዲ ያለባቸውና 1529 የሌለባቸው ሰዎች ምስል አንድ ላይ ተጠንቶ አንዳንድ የአንጎል ክፍሎች መጠናቸው ትንሽ አንሶ ተገኘ። ትንሽ ስል በጣም ትንሽ ነው። ይህ ልዩነት ብዙ ሰው ሲደመር ይታያል፤ አንድን ልጅ ነጥሎ አይለይም። ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሀል ከተማ ሄደው የሚሠሩ ሰዎች በአማካይ ከቦሌ ሰዎች ቀድመው ይነሳሉ። ሌሊት 11 ሰዓት የተነሳን አንድ ሰው አይተው ግን ‹ይሄ የቱሉ ዲምቱ ሰው ነው› ብለው አይምሉም። ቦሌም በሌሊት የሚነሳ ሞልቷል።

ዘሩን በተመለከተ፣ ኤዲኤችዲ በቤተሰብ የሚወረስ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። የመንትዮች ጥናቶች ሲደመሩ በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት 74 በመቶ ያህሉ ከዘር የመጣ ነው። አንድ «የኤዲኤችዲ ዘረመል» ግን የለም። በ2023 ከ38,000 በላይ ኤዲኤችዲ ያለባቸው ሰዎች የተካተቱበት ጥናት 27 የዘረመል ቦታዎችን ለይቷል፤ እያንዳንዱ የሚጨምረው ነገር ኢምንት ነው። ናሙናውም የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ነው። ከዚያ የተቀመረ የዘረመል ተጋላጭነት ነጥብ ለአበሻ ልጅ እንዳለ አይሠራም። የእኛ ሰው ደም በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ እንዲገባ አጥብቄ እፈልጋለሁ። ይህ ፍለጋ መቆም አለበት ብዬም አላምንም። የምቃወመው ያልበሰለውን ለጨነቃት እናት መሸጥን ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አልፎ አልፎ እሰማለሁ። «መድኃኒቱን ይሞክር፤ ከተረጋጋ አለበት ማለት ነው» የሚል። ስህተት ነው። በ1978 ጁዲት ራፖፖርት የተባሉ የአሜሪካ ሐኪም ምንም ችግር ለሌለባቸው ወንዶች ልጆች አነቃቂውን መድኃኒት አንድ ጊዜ ሰጥተው አዩ። እነሱም ተረጋጉ፣ ትኩረታቸውም ጨመረ። መድኃኒቱ መርማሪ አይሆንም።

ታዲያ በምን ይታወቃል? በሰው ነው። በዓለም ላይ በሰፊው የምንሠራበት የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር መስፈርት ትኩረት ማጣትን የሚመለከቱ 9፣ ቅብጥብጥነትንና ችኩልነትን የሚመለከቱ 9 ምልክቶች አሉት። ለልጅ ከአንዱ ወገን ቢያንስ 6 መታየት አለባቸው፤ ለ6 ወርና ከዚያ በላይ። ከ12 ዓመት በፊት መጀመር አለባቸው። ቤትም ትምህርት ቤትም፣ ማለትም ከአንድ በላይ ቦታ መታየት አለባቸው። ኑሮውን ወይም ትምህርቱን መጉዳት አለባቸው። ደግሞም ከዕድሜው ከሚጠበቀው በላይ መሆን አለባቸው።

የመጨረሻዋ ላይ ልቁም፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ የቀረው እዚያ ነው። 6 ዓመት ከ8 ወር፣ 2ኛ ክፍል። በአገራችን የ1ኛ ክፍል መግቢያ 7 ዓመት ነው። ልጅዎ ገና 1ኛ ክፍል መግቢያው አልደረሰም። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከ930,000 በላይ ልጆች የታዩበት ጥናት በ2012 ወጥቶ ነበር። እዚያ የዕድሜ መቁረጫው የዲሴምበር መጨረሻ ነው። ዲሴምበር የተወለዱ ወንዶች ጃንዋሪ ከተወለዱት ይልቅ ኤዲኤችዲ አለባቸው የመባል ዕድላቸው በ30 በመቶ ይበልጥ ነበር። የሴቶቹ በ70 በመቶ። ዲሴምበር የተወለደው ልጅ ክፍሉ ውስጥ ትንሹ ነው፤ አስተማሪው የሚያስተያየው ግን አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ በቀረው ዕድሜ ከሚበልጠው ልጅ ጋር ነው። የእርስዎ ልጅ ጎን ደግሞ ስምንት ዓመት ያለፋቸው ልጆች ሊቀመጡ ይችላሉ። በዚህ ዕድሜ አንድ ዓመት ተኩል ትልቅ ነገር ነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ ወንበር ላይ መቀመጥ ለ8 ዓመት ልጅና ለ6 ዓመት ልጅ አንድ ዓይነት ሥራ አይደለም። ሕፃኑን ቶሎ ያስገቡት በክፋት አይደለም፤ ሥራ አለ፣ ቤት የሚይዘው ሰው የለም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን መምህሯን «ከእሱ እኩያ ልጆች ጋር ሲያዩትስ?» ብለው ይጠይቋት።

ከዚያ በኋላ ያን ብር ለሚጠቅም ነገር ያውሉት። ከጆሮ ይጀምሩ። ጆሮው ይፈሳል? ጉንፋን በያዘው ቁጥር «እ? እ?» ይላል? ከኋላው ሆነው ቀስ ብለው ቢጠሩት ይዞራል? የመስማት ችሎታውን ያስለኩ። ዓይኑንም ያስለኩ። ሲተኛ ያንኮራፋል ወይ፣ አፉን ከፍቶ ነው የሚተኛው? ቶንሲሉ ያበጠ ልጅ ሌሊት በደንብ ስለማይተኛ ቀን ቅብጥብጥ ሊል ይችላል። የደም ምርመራ ከፈለጉም የሚጠቅመው አለ፤ ደም ማነስና የብረት ክምችት ይታይለት። ኤዲኤችዲን አይነግርም። የብረት እጥረት ካለ ግን ይታከማል፤ የብረት እጥረት ያለበት ልጅ ትኩረቱ ይደክማል።

የአንጎል ሞገድ ምርመራ በእርግጥ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ልጁ በወሬ መሀል ድንገት ዝም ብሎ ለጥቂት ሰከንድ ፈዞ ይቀራል? ዓይኑ ይርገበገባል? ሲጠሩት አይሰማም፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ካቆመበት ይቀጥላል? ይህ ከሆነ ትኩረት ማጣት ሳይሆን አንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። ሳይወድቁ፣ ሳይንፈራገጡ የሚመጣ ዓይነት አለ። ክሊኒክ ውስጥ ቁራጭ ወረቀት ከልጁ አፍ ፊት ይዘን ለሦስት ደቂቃ ያህል በደንብ እፍ እንዲልባት እናደርጋለን። ፍዘቱ ካለ ብዙ ጊዜ እዚያው ዓይናችን ሥር ይመጣል፤ ወረቀቷ መወዛወዟን ታቆማለች። ያን ጊዜ ያ ማሽን ወሳኝ ነው። ቤት ውስጥ ይሞክሩት አላልኩም፤ ያዩትን ለሐኪሙ ይንገሩ።

ሐኪሙ ጋ ሲሄዱ ምን እንደሚጠብቅዎ ልንገርዎ። ጥሩ ምርመራ ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቀጠሮ በላይ። እርግዝናው እንዴት ነበር፣ ሲወለድ ወዲያው አልቅሷል ወይ፣ መቼ ሄደ፣ መቼ አወራ፣ ራሱን ተመትቶ ያውቃል ወይ፣ ቤት ውስጥ ማን አለ፣ ከአባቱ ወገንስ እንዲህ የነበረ አለ ወይ ይባላሉ። የወላጅና የአስተማሪ መጠይቅ ይሰጥዎታል። ልጁ ሐኪሙ ፊት ጨዋ ሆኖ ቢቀመጥ አይደናገጡ። ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ አዲስ ቦታ፣ አንድ ለአንድ ሲሆን ግማሽ ሰዓት ሰጥ ለጥ ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ለዚህ ነው የመምህሯ ቃል ከእኔ ዓይን የማይተናነሰው። ጠበልም እየወሰዱት ከሆነ ይናገሩ፤ ማንም አይቆጣዎትም። በኮምፒውተር የሚሠራ የትኩረትና የእንቅስቃሴ መለኪያ የሚባል ነገር ቢሰሙም፣ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2024 የመከረው ለሐኪሙ አጋዥ እንዲሆን እንጂ ብቻውን እንዲወስን አይደለም።

የት ልሂድ ካሉኝ፣ መጀመሪያ በአቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም የሕፃናት ሐኪም ይየው። ከዚያ ሪፈር ያጽፉና የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው የመንግሥት ሆስፒታል ይሂዱ። «አማኑኤል» የሚለው የአእምሮ ሆስፒታሉ ስም ራሱ ብዙ ወላጅ ያስደነግጣል። ሰፈር ምን ይለኛል ብለው ልጃቸውን ዓመታት ደብቀው የቆዩ እናቶች አውቃለሁ። ልጅዎ አላበደም። ማንም እንደዚያ ብሎ አይጽፍበትም።

ውጤቱ እስኪታወቅ መጠበቅ የሌለባቸው ነገሮችም አሉ፤ ቢኖርበትም ባይኖርበትም ይጠቅሙታል። ከፊት ወንበር፣ ከመስኮትና ከበር ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ትዕዛዝ አንድ በአንድ ይሰጠው፤ «ቦርሳህን አንሳና ልብስህን ቀይርና እጅህን ታጠብና...» አይባል። መምህሯ በመሀል ጠመኔ እንዲያመጣ፣ ደብተር እንዲሰበስብ ብትልከው እግሩ ይፍታታል። ማታ ስልክና ቴሌቪዥን ቀደም ብሎ ይዘጋ፣ ቶሎ ይተኛ። ዱላ አያስፈልግም። ቅጣት ብቻ የለመደ ልጅ መቼ ጥሩ እንደሠራ አያውቅም፤ ስለዚህ አሥር ደቂቃ ተቀምጦ ሲሠራ ካዩት ያኔውኑ ይንገሩት።

ትምህርት ቤቱ «ወረቀት» ብሎ ቢያስጨንቅዎ፣ በኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ ይህን ይጻፉላቸው፦ «ልጄን ለሐኪም አሳያለሁ። ሐኪሙ የሚፈልገው የእናንተን አስተያየት ስለሆነ፣ በየትኛው ክፍለ ጊዜ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ፣ ምን ሲያደርግ እንደሚያስቸግር ለሁለት ሳምንት መዝግባችሁ ስጡኝ። የሚረጋጋበትንም ጻፉልኝ።» እርስዎም ቤት ውስጥ ያዩትን በሌላ ደብተር ይያዙ፤ የተኛበትንና የተነሳበትን ሰዓት ጨምረው። ሁለቱንም ይዘው ይሂዱ።